የኪዳነ ምሕረት ስጥ

ባለፈው ነሐሴ ጎረቤቴ በሰሌን ላይ ስንዴ አስጥታ ገበያ ሄደች። እኔ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ነበር። የጎንደር የክረምት ፀሐይ አይታመንም፤ በአንገረብ በኩል ሰማዩ ሲጠቁር አየሁና፣ እንዴት እንደተነሳሁ ሳላውቅ የሰሌኑን ሁለት ጫፍ ይዤ የጎረቤቴን ልጅ በጩኸት ጠራኋት። "ያዢ! ያንን ጫፍ ያዢ!" ስንዴውን ከነሰሌኑ አንስተን እየሮጥን ቤት አስገባነው። የመጀመሪያው ጠብታ ቆርቆሮውን ሲመታ እኛ ከጣሪያ ሥር ነበርን።

ልጅቷ እያለከለከች፣ "እማማ፣ ጉልበትዎን ያምዎት አልነበር?" አለችኝ።

ግማሽ የደረቀ ስንዴ የራሱ ሽታ አለው። የእርጥብ አፈር አይደለም፣ የዱቄትም አይደለም። ጎንበስ ብዬ አሸተትኩትና የስምንት ዓመት ልጅ ሆንኩ።

ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። ቤታችን ወገራ ነው፣ ከአምባ ጊዮርጊስ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ። በክረምት ጉሙ ከበር ገብቶ ከእኛ ጋር ምድጃ ዳር ይቀመጣል ማለት ይቻላል። የደብራችን ታቦት ኪዳነ ምሕረት ናት። ደወሏ ጣሊያን ጥሎት የሄደ የማኪና ቸርኬ ነበር፤ በብረት ሲመቱት ጆሮ ይሰነጥቃል። እኔ የእግዜር ድምፅ እንደሱ ያለ ይመስለኝ ነበር።

በእኛ አገር ለቅዳሴ የሚሆነውን ስንዴ፣ መገበሪያውን ማለቴ ነው፣ ያገኘ ሰው ሁሉ አይነካውም። አጥቦ፣ አስጥቶ፣ ለቅሞና ፈጭቶ ለዲያቆናቱ የሚያስረክብ የታወቀ ሰው አለ። በእኛ ደብር ይህን የሚያደርጉት እማሆይ ትርንጎ ነበሩ፤ ከቅጥሩ ሥር በምትገኝ ጎጆ ብቻቸውን የሚኖሩ መነኩሲት። ዓይናቸው ሲደክም ጊዜ፣ ጥቃቅኑን ጠጠርና እንክርዳድ የምትለቅምላቸው አንዲት ትንሽ ልጅ በየዓመቱ ለፍልሰታ ይመርጡ ጀመር። በዚያ ዓመት እኔን መረጡ።

እናቴ ደስታዋን የምታደርግበት አጣች። ቀሚሴን አጠበች፣ ጥፍሬን ቆረጠች፣ እግሬን በድንጋይ ፈተገች። "እንግዲህ ይታይሽ፣ እግዜርን ፍሪ" አለችኝ ስሜን ጠርታ። "በውጭ እንደምትሆኚው እንዳትሆኚ። አደራ!"

እሺ አልኩ። ግን ፍርሃት ብዬ የማውቀው የጭቃ ሹሙን ውሻ ነው። እሱን ካዩ አለመሮጥ፣ አለመተንፈስ፣ እስኪያልፍ ደርቆ መቆም። እግዜርንም የምፈራው እንደዚያው ነበር፤ እስኪያልፍ።

ነሐሴ አንድ ቀን ጠዋት እማሆይ እጄን ሦስት ጊዜ አስታጠቡኝ። ከዚያ ነጭ ጨርቅ ቀደው የእኔንም የራሳቸውንም አፍ አሰሩ።

"ምነው እማሆይ?" አልኳቸው በጨርቁ ውስጥ።

"ትንፋሻችን እንዳይነካው ነዋ። ጌታ የሚመጣበት ስንዴ እኮ ነው፣ የኔ ልጅ።"

ይኸው ነው የነገሩኝ። የቀረውን እኔው ሞላሁት። ቤታችን ታናሽ ወንድሜ ሲተኛ ድምፅ አታሰሙ፣ አትተንፍሱበት እንባላለን። ስለዚህ ጌታ በስንዴው ውስጥ ተኝቷል ማለት ነው አልኩ። የስንዴ ፍሬ መሀሉ ላይ ስንጥቅ አለው፤ እሱ በሩ ነው። በሩ ተዘግቷል፣ ውስጥ ሰው አለ። ሰፌዱን ጭኔ ላይ አድርጌ ስለቅም ጠጠሯን በሁለት ጣቴ እንደ ሌባ ቀስ ብዬ አወጣታለሁ። ከጎጆዋ ስወጣም ስገባም በእግሬ ጣት ነው። እማሆይ ይህን ሁሉ አይተው "ሸጋ ልጅ፣ ጨዋ ልጅ" እያሉ ለእናቴ አመሰገኑኝ።

በሦስተኛው ቀን ግን ሲፈጩ አላስቻለኝም። ለመገበሪያ ብቻ የተለየች ወፍጮ አለቻቸው፤ መጇ ስትሄድ ስትመለስ ጎጆዋ ትንቀጠቀጣለች። ጆሮዬን ይዤ ቆየሁና፣ "እማሆይ፣ ሲፈጩት አይነቃም?" አልኳቸው።

"ማን?"

"ጌታ።"

መጁን ለቀቁ። ትከሻቸው ሲርገበገብ የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥኩ። በስንዴው ላይ እንዳይስቁ ውጭ ወጡ፣ ከቅጥሩ ሥር ቆመው ሳቃቸውን ጨረሱና እጃቸውን እንደገና ታጥበው ገቡ። "ገና አልመጣም፣ ልጄ። ካህኑ ሲጠራው ነው የሚመጣ" አሉኝ። እኔ አላመንኳቸውም። ትልቅ ሰው ልጅ እንዳይደነግጥ ብሎ የሚዋሸውን ውሸት አውቀዋለሁ።

ሌላም የገረመኝ ነገር ነበር። እማሆይ ጅብ በዘነዘና ያባረሩ ሴት ናቸው። ጭቃ ሹሙ የቤተ ክርስቲያኑን መሬት ሲገፋ ደጁ ድረስ ሄደው አፉን ያዘጉትም እሳቸው ናቸው። ግን በየጠዋቱ ሰፌዱን ሊያነሱ ሲቀርቡ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። የመጀመሪያ ቀን ብርዱ ነው አልኩ። በየቀኑ ሲሆን ግን እግዜር አንድ ቀን መቷቸዋል ብዬ ደመደምኩ።

"እማሆይ፣ እግዜር መትቶዎት ያውቃል?"

"የለም። አንድም ቀን።"

"ታዲያ ምነው ይፈሩታል?"

ሰፌዱን ቀስ ብለው አስቀመጡ። ከዚያ፣ "እንጃ ልጄ" አሉኝ፤ "ስላልመታኝ ይሆናል።"

ይህ ለእኔ ምንም ስሜት አልሰጠኝም። ያልነከሰን ውሻ ማን ይፈራል?

በዚያ ዓመት ስንዴውን ዋግ መትቶት ነበር። ከደብሩ ሰው ቤት ያለው ሁሉ የቀጨጨና የጠቆረ ነው፤ እስከ ነሐሴ አሥራ አምስት ያለውን ቅዳሴ ከዚህም ከዚያም እየተለቀመ አደረሱት። ለዋናው በዓል፣ ለአሥራ ስድስቱ ኪዳነ ምሕረት፣ ንጹሕ ስንዴ የተገኘው አያ ደረሶ ቤት ብቻ ነው። አያ ደረሶ ፊታቸው የማይፈታ፣ ልጅ ሁሉ ከመንገዳቸው የሚሸሽ ገበሬ ነበሩ። ከዘር የተረፈቻቸውን ግማሽ ቁና የማትሞላ ነጭ ስንዴ ገና በወሩ መጀመሪያ አምጥተው፣ "ጎታው ተጠርጓል፣ እማሆይ። ከዚህ ሌላ የለም" ብለው አስረክበዋል። ያን ጊዜ አንድ ቀን ፀሐይ ወጥታ ስለነበር ታጥባ ደርቃ በከረጢት ተቀምጣለች። የቀረው የመጨረሻው ለቀማና መፍጨት ነው።

ነሐሴ አሥራ ሦስት ቀን ያቺን ስንዴ እየለቀምኩ ነበር። ፍልሰታን ልጆችም እንጾማለን፤ ቅዳሴ እስኪወጣ ውሃ አንቀምስም፣ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ቆርበን ነው ቤታችን የምንገባው። ሆዴ ይጮኻል። ድንገት ፍየል በቅጥሩ ገብታ ኖሮ እማሆይ በትራቸውን ይዘው እየተቆጡ ወጡ። ጨርቁ በትንፋሼ ርሶ አገጬን አሳክኮኝ ነበርና ዝቅ አደረግሁት። ቤታችን ለንፍሮ ስንዴ ስለቅም አንድ ለሰፌዱ፣ አንድ ለአፌ ነው። እጄ ልማዱን አደረገ።

ምላሴ ላይ ሲያርፍ ነው ያወቅሁት። ጌታ አፌ ውስጥ ነው! ባኝከው ልገድለው ነው፣ ብውጠውም አላውቅም ምን እንደሚሆን። ስለዚህ በጣም ቀስ ብዬ፣ እንዳይጎዳ ተጠንቅቄ፣ ወደ ቦታው መለስኩት። ሰፌዱ ላይ ተፋሁት ማለት ነው።

አዳንኩት ብዬ ተነፈስኩ። ወዲያው ግን ምራቄን አየሁ። ትንፋሽ እንዳይነካው አፍ የሚታሰርለትን ስንዴ እኔ ተፍቼበታለሁ። ያቺን ፍሬ ላወጣት ዳበስኩ፤ በመዳበሴ ይበልጥ ቀላቀልኳት። አንዱን አነሳለሁ፣ ደረቅ ነው። ሌላውን አነሳለሁ፣ ደረቅ ነው። እማሆይ ሲመለሱ አፌ ታስሯል፣ እጄ ይለቅማል።

"ምነው ፊትሽ ገረጣ?"

"ምንም።"

ያን ቀን ስንዴ አፌ ገብቷልና ልቆርብ አልችልም። ከልጆቹ ሰልፍ ወጣሁ። እናቴን ሆዴን አመመኝ አልኳት፤ በጥፋቴ ላይ ውሸት ጨመርኩበት። ቤት እንደገባን ነጎድጓዱ ጀመረ። ወገራ በነሐሴ መብረቅ ሲወርድ ሰማዩ ቤት ውስጥ የወደቀ ነው የሚመስለው። እኔን እየፈለገ መሆኑን አልተጠራጠርኩም። እናቴ ወንድሜን አቅፋ "ነይ እዚህ ተጠጊ" ብትለኝ እንቢ ብዬ በር አጠገብ ከጥጃዋ ጋር ተቀመጥኩ። ሲመታኝ እሷን አብሮ እንዳይመታት ብዬ ነው። ጥጃዋን ግን አላሰብኩላትም፤ ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል።

ብናገር ስንዴው ይደፋል፣ ሌላ ስንዴ የለም፣ የኪዳነ ምሕረት ዕለት ቁርባን የለም። ሁለት ሱባዔ የጾመ ሰው ሁሉ ባዶውን ይመለሳል። ዝም ብል ደግሞ የእኔ ምራቅ መንበሩ ላይ ይወጣል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል የምጠይቀው ሰው አልነበረኝም።

በማግስቱ ጠዋት እማሆይ አፋቸውን አሰሩ፣ አማተቡ፣ በሚንቀጠቀጥ እጃቸው የመጀመሪያውን እፍኝ ዘግነው ወደ ወፍጮዋ ወሰዱ። እስካሁን የእግዜርን ቁጣ ነበር የማስበው። ያን ጊዜ ግን እጃቸውን አየሁ። እንዲህ እየተጠነቀቁ፣ ሳያውቁ፣ የእኔን ምራቅ ሊፈጩ ነው። ዘልዬ እጃቸውን ያዝኩ።

"አይፍጩት! እማሆይ፣ አይፍጩት!"

ሁሉንም አወራሁ፤ ፍየሏን፣ ጨርቁን፣ ምራቄን። ዱላ ጠበቅሁ። እማሆይ እፍኛቸውን ቀስ ብለው ወደ ሰፌዱ መለሱና መሬት ላይ ተቀመጡ። ፊታቸው አመድ መሰለ። ትልቅ ሰው እንዲያ ሲፈራ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም።

"የቷ ናት?"

"አላውቃትም።"

"አፍሽ ከገባችስ በኋላ ምነው ተፋሻት?"

"እንዳላኝከው ብዬ ነው። ተኝቷል አላሉም?"

እንዳላሉ እኔም አውቃለሁ። እማሆይ የአፋቸውን ጨርቅ ፈትተው ዓይናቸውን ጠረጉበት። "አንቺ ምን አደረግሽ፣ የኔ አበባ። ስንዴውን ትቼ ለፍየል የወጣሁት እኔ ነኝ" አሉ። ከዚያ እጄን ይዘው የቤተ ክርስቲያኑ ኃላፊ ቄሰ ገበዙ ዘንድ ወሰዱኝ።

ቄሰ ገበዙ ረጅምና ቀጭን ሰው ነበሩ። ሰሙና ጢማቸውን ያዙ። "እንደገና ይታጠብ። እስከ ነገ ማታ ከደረቀ ይቀደስበታል። ካልደረቀ ምን እናደርጋለን፣ ሕዝቡን እናሰናብታለን።" ወደ እኔ ጎንበስ ብለው፣ "ተጠይቀሽ ነው የተናገርሽው?" አሉኝ።

"ኧረ ማንም አልጠየቃት" አሉ እማሆይ ፈጥነው።

"እንግዲያ አርብ ሳትቀሪ ቁረቢ።" በዓሉ የዋለው አርብ ነበር።

ስንወጣ እማሆይ ወደ ኋላ ተመልሰው በሹክሹክታ አንድ ነገር ነገሯቸው። ቄሱ በእንቢታ ራሳቸውን ነቀነቁ። እማሆይ ደግመው ተናገሩ። በመጨረሻ ቄሱ መስቀላቸውን አውጥተው አሳለሟቸው። ስለ ማገዶ የሚያወሩ መስሎኝ ጆሮ አልሰጠሁትም።

ስንዴውን ከምንጭ በተቀዳ ውሃ አጠብነው። እሳት ዳር እንዳናደርቀው ጭስ ይገባበታል፣ እሳት የነካው ለመሥዋዕት አይሆንም አሉኝ። ፀሐይ ብቻ ነው። ፀሐይ ደግሞ ካየናት አሥር ቀን ሆኗታል። እማሆይ ከአልጋቸው ራስ ከተሰቀለች ከረጢት ታጥፎ የኖረ ነጭ አቡጀዲ አወጡና ስንዴውን ዘረገፉበት።

"ይህ የማን ነው?"

"የኔ ነው። ስሞት የምገነዝበት።"

"አይቆሽሽብዎትም?"

"ቢቆሽሽስ? ከዚህ የበለጠ ምን ሸጋ ነገር ይነካዋል?"

ሁለት ቀን ሙሉ ሮጥን። እኔ ደጅ ቆሜ ሰማዩን እጠብቃለሁ። ደመናው ትንሽ ሲከፈት "ወጣች!" እላለሁ፤ እሳቸው ሁለት ጫፍ፣ እኔ ሁለት ጫፍ ይዘን ከቅጥሩ አጠገብ ካለች ሰፊ ድንጋይ ላይ እናሰጣለን። ካፊያው ሲጀምር "መጣ!" እላለሁ፤ ጫፎቹን ሰብስበን እየተንሸራተትን እንመለሳለን። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት በጭቃ ውስጥ እንደ ጠቦት ዘለሉ። አንድ ጊዜ እኔ ወደቅሁ፤ እጄን ግን ከነጫፉ ሽቅብ ይዤ ነው የወደቅሁት። "ጎበዝ! ጎበዝ!" እያሉ ቆመው ሳቁ። እንዲህ በሚፈሩት ነገር መሀል እንዴት ይሳቃል እያልኩ እኔም ሳቅሁ።

በሁለተኛው ቀን አያ ደረሶ በትራቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው መጡ። ወሬው ደርሷቸዋል። ከእማሆይ ኋላ ተደበቅሁ።

"ያቺ ልጅ የት አለች?" አሉ።

"ደረሶ፣ ልጅቷን ተዋት" አሉ እማሆይ።

"ምን አልኳት? ሁለት ሰው አራት ጫፍ ይዞ መሀሉ ይሰረጉዳል፣ ውሃ ያቁርበታል። እኔን ምነው አልጠራችሁኝም? ስንዴው የኔ አይደል?" በትራቸውን አስደግፈው መሀል ገቡና ጨርቁን በሁለት እጃቸው ከሥር ደገፉት። ከዚያ እስከ ማታ ከእኛ ጋር ሮጡ። ሲያሰጡ ወፍ እንዳያርፍበት ጋቢያቸውን ያርገበግባሉ፣ ያን ማንም የማይፈታው ፊታቸውን ወደ ሰማይ ቀና አድርገው ደመናውን ይቆጡታል።

ወደ አሥር ሰዓት ግድም ፀሐይዋ ወጣች። ለጥቂት ጊዜ ነው፣ ግን ደህና አድርጋ ወጣች። እማሆይ እፍኝ ዘግነው ጆሯቸው አጠገብ አሹት፤ የደረቀ ስንዴ ሲታሽ ይንሿሿል። ሰሙ፣ ደግመው ሰሙ። "ተመስገን" አሉና ፊታቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዙረው ቆሙ። አፌን ራሴ አሰርኩት፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተፈጭቶ ለዲያቆናቱ ተሰጠ።

አርብ ጠዋት ቅጥሩ በነጭ ለባሽ ሞልቶ ነበር። ልጆች መጀመሪያ ቆረብን። አፌን ስከፍት ፈርቼ ነበር፤ እንደ ውሻው ጊዜ ግን ይለፈኝ አላልኩም። ይምጣ ነው ያልኩት። ከቆረብኩ በኋላ አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ ዘወር ብዬ እማሆይን ፈለግሁ፤ አሮጊቶቹ በሙሉ ተሰልፈዋል፣ እሳቸው የሉም። አሥራ አምስት ቀን ጥሬ ብቻ እየቆረጠሙ የጾሙት ለዚህች ቀን ነው። ስንዴውን የፈጩት እሳቸው ናቸው።

ያገኘኋቸው ውጭ ነው፤ ከጽዱ ዛፍ ሥር፣ በካፊያው ውስጥ፣ አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። ያን ጊዜ ሹክሹክታው ገባኝ። ስለ ማገዶ አልነበረም። ሳይቆርቡ መቅረትን ቅጣት አድርገው ለራሳቸው ለምነው ወስደዋል።

ሮጬ ሄጄ ላለቅስባቸው፣ ይቅርታ ልላቸው ፈለግሁ። የቆረበ ሰው ደግሞ አፉን አይከፍትም። ፊታቸው ቆሜ ዓይን ዓይናቸውን አየሁ። እማሆይ በትራቸውን ጣሉ፣ በጭቃው ላይ ተንበረከኩ፣ ግንባራቸውን እግሬ አጠገብ አድርገው ሰገዱ። ለእኔ፣ ለይታይሽ፣ ከሦስት ቀን በፊት ስንዴ ላይ ለተፋሁት። ለእኔ እንዳልሆነ አወቅሁ። በፍጹም ለእኔ አልነበረም። ቀና ሲሉ ግንባራቸው ላይ ጭቃ አለ፣ ዓይናቸው ይስቃል።

"አሁን መጥቷል፤ ቀስ ብለሽ ሂጂ" አሉኝ።

ቀስ ብዬ ሄድኩ። እናቴ ከኋላዬ "ምነው ፍጠኚ እንጂ፣ ዝናቡ እኮ መጣ!" ትለኛለች። አልፈጠንኩም። ኩሬውን እየዞርኩ፣ ድንጋይ እየመረጥኩ፣ ደረቴን በሁለት እጄ ይዤ ሄድኩ። ይመታኛል ብዬ አልነበረም። እንዳይናወጥብኝ ብዬ ነው።

ዛሬም ቆርቤ ስመለስ እንደዚያው ነው የምሄደው። የሰፈሩ ሰው ጉልበቷ ነው ይላል። የጎረቤቴ ልጅ ግን ባለፈው ነሐሴ ስሮጥ አይታኛለች፤ ከዚያ ወዲህ ከኋላዬ ቆማ ታየኛለች።